ቧንቧው «ትንሽ ትንሽ» ሲነዝር

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚበላሸውን ነገር እኔና የ14 ዓመት ልጄ ዩቲዩብ እያየን ራሳችን ለመጠገን ወስነናል። ባለሙያ በጠራን ቁጥር የምንጠየቀው ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ሆኗል። ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ማለቱን አላቆም አለ፤ ባጠበቅነው ቁጥር ይብሳል። ሁለተኛ፣ እንጀራ ስጋግር ብሬከሩ እየወረደ ያስቸግረኛል። ጎረቤታችን 16 የሚለውን አውጥታችሁ 32 አስገቡበት፣ ትገላገላላችሁ ይለናል። ሦስተኛው እንኳን ትንሽ ነገር ነው። የዛገውን የብረት ቧንቧ አስወጥተን ፕላስቲክ ካስገባን ሁለት ወር ሆነን። ከዚያ ወዲህ ሻወር ስወስድ የቧንቧውን እጀታ ስነካ ትንሽ ትንሽ ይነዝረኛል። ነጠላ ጫማ አድርጌ ስገባ ይቀንስልኛል። የትኛውን ራሳችን እንሥራ? የትኛውን እንተው?

የልጆች እናት፣ ከጀሞ»

እህቴ፣ እንደምን አለሽ።

ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እጅሽን በደንብ አድርቂና ዋናውን ብሬከር አውርጂ። ከዚያ የሻወሩን ውሃ የሚያሞቀውን የቦይለሩን ስፒና ከሶኬቱ ንቀይ። ስፒና ከሌለው፣ ማለትም ሽቦው በቀጥታ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ የራሱን ብሬከር አውርጂና ማንም መልሶ እንዳያነሳው በናስትሮ ለጥፊበት። ይህን አድርገሽ ስትጨርሺ ዋናውን መልሺው። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምመልስልሽ ከታች ወደ ላይ ነው። ጠብ የሚለው ቧንቧ ውሃ ያባክናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰው ግን አይገድልም። ብሬከሩም የሚወርደው ሥራውን እየሠራ ነው። «ትንሽ ነገር» ብለሽ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሽው ነው ያስደነገጠኝ። ቤትሽ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ አስቸኳዩ እሱ ነው።

በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቅ ሬዚስታንስ አለ። በብረት ልብስ የተሸፈነ ሽቦ ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የምታዪው ነጭ ቅርፊት እሱም ላይ ይለጠፋል፤ በተለይ ውሃው የጉድጓድ ከሆነ። ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውሃው በቀላሉ አያልፍም። ሬዚስታንሱ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ልብሱም ይሰነጠቃል። ያኔ ኮረንቲ ከውሃው ጋር ተገናኘ ማለት ነው። ችግሩ ቦይለሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖም ማሞቁን ላያቆም ይችላል። ቀዩ መብራት ይበራል። ውሃው ይሞቃል። ከውጭ ለሚያየው ምንም የጎደለ ነገር የለውም።

ቤቱ ደህና ኧርዝ ካለው ያፈተለከው ኮረንቲ በቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሰው አይነካም። ኧርዝ ከሌለ ግን ሌላ መውረጃ ይፈልጋል። እርጥብ ሆነሽ፣ እግርሽ እርጥብ ወለል ላይ፣ እጅሽ የብረት እጀታ ላይ ሲሆን መውረጃው አንቺ ነሽ።

አሁን ከደብዳቤሽ ውስጥ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር ልብ በይ። መንዘር የጀመረው ቧንቧው ከተቀየረ በኋላ ነው ብለሻል። ቧንቧ ሠሪው ምንም አላጠፋ ይሆናል። የድሮው የብረት ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ አልፎ መሬት ድረስ የሚወርድ ብረት ነበር። ሳታውቂው ኧርዝ ሆኖ ሲያገለግልሽ ኖሯል። ቦይለሩ ምናልባት ከዓመት በፊት ጀምሮ ሲያፈስ ነበር፤ የሚያፈሰው ግን በብረቱ በኩል ወደ መሬት ይሄድ ነበር። ፕላስቲኩ ያንን መንገድ ቆረጠው። ከቦይለሩ ወደ ሻወሩ የሚወስደው በብረት የተጠለፈው ፍሌክሲብል ቱቦ ግን አልተቀየረ ይሆናል። ስለዚህ ኮረንቲው እስከ እጀታው ይደርስና እዚያ ይቆማል፤ የሚነካው ሰው እስኪመጣ። የብረት ቧንቧ ወደ ፕላስቲክ በተቀየረበት ቤት ሁሉ ኧርዙ እንደገና መታየት አለበት። ቧንቧ የሚቀይረው ሰው ይህንን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አይነግረውም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ስለ ቧንቧው አይጠይቅም። የቤቱ እመቤት ናት መሃል ላይ ሆና ሁለቱን ማገናኘት ያለባት።

መላ ምቴ ይህ ነው። ግን ከሩቅ ሆኜ ቦይለርሽ ነው ብዬ አልምልልሽም። ከጎረቤት ቤት የሚመጣም ሊሆን ይችላል። እሱን የሚለየው በመሣሪያ የሚለካ ሰው ብቻ ነው። እባክሽን «አሁንስ ይነዝራል?» እያልሽ በጣትሽ አትሞክሪ።

ስለ ነጠላ ጫማው ልንገርሽ። መንዘሩ የሚቀንሰው ጫማው በእግርሽ በኩል የሚወርደውን ስለሚያጠብበው ነው። ኮረንቲው ግን አሁንም እጀታው ላይ አለ። አንድ እጅሽ እጀታውን፣ ሌላው እርጥቡን ግድግዳ ወይም የመስኮቱን ብረት ከነካ በደረትሽ ነው የሚያልፈው። ልብ ያለችው እዚያ ነው።

ቁጥሩን ልስጥሽ። ሰው ኮረንቲ ተሰማኝ የሚለው ከ1 ሚሊአምፒር ገደማ ጀምሮ ነው። 10 አካባቢ ሲደርስ ጡንቻ ይጨመደዳል፤ የጨበጡትን መልቀቅ ያቅታል። ከ30 ሲያልፍ ልብና ትንፋሽ አደጋ ላይ ናቸው። ቤትሽ ያለው ብሬከር ደግሞ 16 አምፒር ነው። 16 ሺህ ሚሊአምፒር ማለት ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። አንቺን አያውቅሽም። ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዕቃ ነው፤ በ30 ሚሊአምፒር የሚቆርጠው፣ ባለሙያዎች ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ወይም አርሲዲ የሚሉት። ፊቱ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ያለበት ትንሽ መጫኛ አለው። በወር አንዴ ስትጫኚው መውረድ አለበት። የብሬከር ሳጥንሽን ከፍተሽ ፊቱን ብቻ እዪው። ይህ መጫኛ ያለው ነገር ከሌለ፣ የሚቀጥለው ቁጠባሽ ለእሱ ይሁን።

ልጅሽ ቦይለሩን ከፍቶ ሬዚስታንሱን መቀየር ይችል ይሆናል። ቪዲዮው ላይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አይንካው። የሚቸግረው መፍታቱና መግጠሙ አይደለም። ከተገጠመ በኋላ ማፍሰሱን ማቆሙን፣ ኧርዙም መሬት መድረሱን ለክቶ ማረጋገጥ ነው። ለዚያ የሚሆን መሣሪያ ቤታችሁ የለም። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሪ። ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ኧርዝ የምትለካበት ይዘሃል?» ቴስተር ካቻቪቴ አውጥቶ ካሳየሽ አመስግነሽ ሸኚው። ኧርዙን ከቧንቧ ላይ ላስርልሽ የሚልሽም ካለ እንዲሁ። ፕላስቲክ ላይ የታሰረ ኧርዝ የትም አይደርስም፤ የሌላ ሰው ብረት ላይ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ችግርሽን ወደ ጎረቤት ቤት መላክ ነው።

ወጪውን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ይህንን አስቢበት። የሕንፃው ኧርዝ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ የጋራ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ከበሰበሰ ወይም ከቆጣሪው ሳጥን ላይ የተነሳው ሽቦ ከተቆረጠ፣ ከላይ እስከ ታች ያላችሁ ሁላችሁም ኧርዝ የላችሁም። ጉዳዩን ለነዋሪዎች ማኅበራችሁ አቅርቢው። በአንድ ደረጃ ያላችሁ አዋጥታችሁ አንድ ጥሩ ባለሙያ ብታመጡ ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሰው ብዙ አይሆንም። ቆጣሪውን ግን የታሸገበትን ፈታችሁ እንዳትነኩ። እሱ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ስልኩ 905 ነው።

እስከዚያ ገላችሁን በባልዲ ታጠቡ። ውሃውን ምድጃ ላይ አሙቂና ወደ መታጠቢያ ቤት ወስደሽ አብርጂው። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አትግዢ። ሰዎች ርካሽ ነው ብለው ይገዙታል። ሲሰነጠቅ የሚያደርገው ቦይለርሽ ካደረገው የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ እጅሽን ራሱ ባልዲው ውስጥ የምትከቺ መሆኑ ነው።

ቦይለሩን ሳልለቅ አንድ ነገር ልጨምር። ከቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል፣ አነስ ያለች የነሐስ ቫልቭ አለች። ጎኗ ላይ ትንሽ አፍ አላት። ውሃ ሲሞቅ ይነፋል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ግፊቱ 8 ባር ገደማ ሲደርስ እሷ ትንሽ ትንሽ እያንጠባጠበች ታስተነፍሰዋለች። አንድ ጊዜ «ቦይለሩ ይጮሃል» ተብዬ አንድ ቤት ተጠራሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በዚያች አፍ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የእንጨት ሽብልቅ ተቀርቅሮበታል። ወለሉን እያረጠበ ስላስቸገራቸው ነው። ቦይለሩ ከልጆቹ አልጋ ጋር በግድግዳ ብቻ ነበር የሚለያየው። ሙቀት መቆጣጠሪያው ቢበላሽና ያ እንጨት ባይወጣ ኖሮ የብረቱ ጋን ነበር የሚፈነዳው። እንጨቱን ወዲያው አልነቀልኩትም። መጀመሪያ ኃይሉን ቆረጥኩ፣ ቤተሰቡን ከቤት አስወጣሁ፣ ጋኑ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ጠበቅኩ። የአንቺም ቫልቭ ብታንጠባጥብ ከሥሯ ቱቦ አድርገሽ ወደ ፍሳሹ ምሪው። አትድፈኚው።

አሁን ወደ ብሬከሩ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በ220 ቮልት ስታካፍዪው 16 አምፒር ይመጣል። ብሬከርሽም 16 ነው። ከምጣዱ ጋር ምድጃው ላይ ወጥ ከተጣደ 9 ጨምሪበት። ቦይለሩም ከበራ ሌላ 7። አየሽው? 32 ሞላ። ጎረቤትሽ 32 ሲል ከሰማይ አላመጣውም፤ ቤቱ እንደዚያ እያደረገ ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን አልተቀየረም። ሶኬት ላይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ 2.5 ቁጥር (2.5 ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ነው። ቱቦ ውስጥ ሆኖ በደህና የሚሸከመው 20 አምፒርን እምብዛም አያልፍም። በዚያ ላይ 32 ቁጥር ብሬከር 32 ሲሞላ ወዲያው አይወርድም። 40 አምፒር እያለፈበት ረዥም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ የሚግለው ሽቦው ነው፣ ያውም ልስን ውስጥ፣ ማንም ሳያየው። ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሽቦና ሽቦ ይነካካል። «እሳቱ የተነሳው በኮንታክት ነው» ሲባል የምንሰማው አንዳንዱ እንዲህ የተጀመረ ነው።

ስለዚህ 32ቱን አታስገቡ።

ሳትከፍዪ የምትሠሪው ነገር ይኸውልሽ። በሚቀጥለው ስትጋግሪ ሰዓት ያዢ። ምጣዱን ስትሰኪ ወዲያው ጧ ብሎ ከወረደ ምጣዱ ወይም ሽቦው ውስጥ ኮንታክት አለ፤ አትድገሚው። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ከወረደ ጭነት በዝቶበት ነው። ከሆነ ምጣዱን ለብቻው አድርጊው። በምትጋግሪበት ሰዓት ሌላ የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ይጥፋ። ምጣድ ዲቫይደር ላይ ጭራሽ አይሰካም። ከጋገርሽ በኋላ ስፒናውን ንቀይና የሶኬቱን ፊት በእጅሽ ጀርባ ነክተሽ እዪው። የሚፋጅ ከሆነ፣ ወይም ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ካበጀ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ሶኬቱ ላልቷል። ምጣድ እንደገና አይሰካበት።

ሸክላውንም እዪው። ከተሰነጠቀ ሊጡ በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ያለውን ሽቦ ያገኘዋል። ሊጥ እርጥብ ነው፣ ኮረንቲ ያሳልፋል። እጅሽም ሊጥ ነክቶታል። ስንጥቅ ያለበትን ምጣድ «ትንሽ ቀን ይሥራ» አትበይው።

ዘላቂው መፍትሔ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ነው፤ 4 ወይም 6 ቁጥር ሽቦ፣ ልኩን የጠበቀ ብሬከር። ይህንንም የኧርዙ ባለሙያ ሲመጣ አብረሽ ጠይቂው። ሁለት ጊዜ የመምጫ ከመክፈል ይሻላል።

የቀረው ቧንቧው ነው። እሱን ለልጅሽ ስጪው።

ባጠበቃችሁት ቁጥር የሚብሰው ውስጡ ያለችው ጎማ ስለተቆረጠች ነው። ጉልበት ስትጨምሩ የበለጠ ትቆርጧታላችሁ። መጀመሪያ ውሃውን ዝጉ። ሮቶ ካላችሁ ውሃ ከሁለት በኩል ነው የሚመጣላችሁ፤ ከመስመሩም፣ ከሮቶውም። ሁለቱም ይዘጋ። ቧንቧውን ከፍታችሁ አንድም ጠብታ እስከማይቀር አስጨርሱ። ፈረቃ ስለሆነ ዛሬ ውሃ የለም ብላችሁ ሳትዘጉ እንዳትፈቱ። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ትመጣለች። 3ኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቻችሁ ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ አምፖላቸው ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ፣ ብሎኑ እንዳይወድቅባችሁ። እጀታው አናት ላይ ያለችውን ክዳን በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ከሥሯ ያለውን ብሎን ፍቱ፣ እጀታውን ወደ ላይ ሳቡት። አሁን የነሐሱ ራስ ይታያል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመፍቻ ወደ ግራ ፍቱት። አንድ እጅ መፍቻውን፣ ሌላ እጅ የቧንቧውን አንገት አጥብቆ ይያዝ፤ አለዚያ የምትፈቱት ግድግዳ ውስጥ ያለውን ነው። ራሱ ሲወጣ ጫፉ ላይ ክብ ጥቁር ጎማ ታገኛላችሁ። ገልብጡና እዩዋት። መሃሏ ላይ እንደ ቀለበት የተቦረቦረ መስመር ካለ ሌባችሁ ተያዘ። አሮጌዋን ይዛችሁ ዕቃ መሸጫ ሂዱ፤ በመጠን የምትመስላትን አምጡ። በዓይን ግምት አትግዙ።

አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት ልጅሽ ትንሿን ጣቱን ቧንቧው ውስጥ ከቶ ጎማዋ የምታርፍበትን ነሐስ ይዳብሰው። ልሙጥ ከሆነ ጥሩ። ከሻከረ ወይም ጉድጓድ ካለው ጎማዋ ብትቀየርም በሳምንቱ ማንጠባጠቡ ይመለሳል፤ ቧንቧው ራሱ ይቀየር። እጀታችሁ ግማሽ ዙር ሳይሞላ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው ጎማ ሳይሆን ሴራሚክ ካርትሪጅ ነው። እሱ አይጠገንም፤ ሙሉውን አውጥታችሁ ተመሳሳዩን ትተካላችሁ።

ጎማ በማያሽገው ጥርስ ሁሉ ላይ ቴፍሎን ጠምጥሙ። ልጅሽ የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሱ አዙሮ ይያዝና የሰዓት ቀስት በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠምጥመው፤ በተቃራኒው ከጠመጠመው ሲያጠብቀው ይተረተራል። ከ6 እስከ 10 ዙር ይበቃል። ፕላስቲክ ጥርስ ከሆነ በእጅ ካጠበቀ በኋላ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ይጨምር። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ቴፍሎን አያድነውም። ሲጨርስ ዋናውን ውሃ አንዴ አይልቀቀው። ቀስ ብሎ ይክፈት፣ አየሩ ይውጣ፣ ደረቅ ሶፍት በመጋጠሚያው ዙሪያ ያድርግና ይጠብቅ። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ሠርቷል።

ሌላም እሱ የሚሠራው አለ። የሲንኩ ውሃ አልሄድ ካለ ከሥር ያለውን ሲፎን በእጁ ፈትቶ የቡና አተላውንና የጮማውን ጥፍጥፍ ያውጣ፤ ባልዲ ከሥሩ ያድርግ። የሻወሩ ራስ ከተደፈነ ነቅሎ ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፈው፤ ያ ግን ኧርዙ ከተስተካከለ በኋላ ይሁን። የፍሳሽ መክፈቻ አሲድና በረኪና አንድ ላይ እንዳትደፉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ መታጠቢያ ቤት ጠባብ ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ ግን ልጁ አምፖል ይቀይር፣ እዚያ ላይ ይብቃው። አንቺ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ከፈለግሽ ሥርዓቱን ልንገርሽ።

ወጣት ሳለሁ አንድ ቤት ሶኬት እየቀየርኩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ መብራት የለም። መብራት ስለሌለ ብሬከሩን አላወረድኩም። ሽቦውን በፒንሳና በጣቴ እንደያዝኩ መብራት መጣ። ጣቶቼ ተዘጉ። መልቀቅ ፈልጌ አልለቅ አሉኝ። የቆምኩበት ወንበር ተገልብጦ ስወድቅ ነው ሽቦው ከእጄ የወጣው። ወንበሩ ባይገለበጥ ኖሮ ይህን አልጽፍልሽም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት በጠፋበት ቀን ይበልጥ እጠነቀቃለሁ።

ስለዚህ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ብሬከሩ ይውረድ፣ ይለጠፍበት፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይነገረው። ቴስተርሽን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው የምታውቂው ሶኬት ላይ ሞክሪው፤ ይብራ። ከዚያ የምትሠሪበት ሶኬት ሁለቱም ቀዳዳ ላይ፤ አይብራ። ከዚያ ተመልሰሽ የመጀመሪያው ላይ፤ ይብራ። መጨረሻውን ሙከራ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቴስተሩ መሃል ላይ ተበላሽቶ ከሆነ የሚነግርሽ ግን እሱ ነው። መብራት በሌለበት ሰዓት ይህን ሙከራ ማድረግ አትችዪም፤ እስኪመጣ ሥራው ይቆይ።

የሽቦ ቀለም አትመኚ። አብዛኛው ቪዲዮ ከአሜሪካ ነው። እዚያ ጥቁሩ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው)፣ ነጩ ኒውትራል (የሚመልሰው) ነው፤ የሶኬታቸው ኃይልም 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል ነው። እኛ ቤት ግን የሠራው ሰው በዚያን ቀን እጁ የገባውን ሽቦ ይዘረጋል። ቢጫና አረንጓዴው ብቻ ኧርዝ መሆን ነበረበት፤ እሱንም ፌዝ አድርገውት አግኝቻለሁ። ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ስትመልሺው ብሎኖቹን ጠበቅ አድርጊ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ሳብ አድርገሽ ሞክሪ። የላላ ሽቦ ነው ሶኬት የሚያቃጥለው።

ከሽቦው ጫፍ ላስቲኩ ጠቁሮ ወይም ተሰባብሮ ካገኘሽው፣ ወይም ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት ካየሽ፣ ክዳኑን መልሰሽ ዝጊ። ያ የባለሙያ ነው።

ልጆቹን ሰብስበሽ አንድ ነገር አለማምጃቸው። ሰው ኮረንቲ ሲይዘው ሮጦ መያዝ የለም። መጀመሪያ ብሬከር። ሁሉም ልጅ፣ ትንሹም ቢሆን፣ ወንበር ላይ ቆሞ ዋናውን ብሬከር ማውረድ ይቻል። ብሬከሩ ካልተደረሰ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ሽቦውን ገፋ ማድረግ፣ እርጥብ ወለል ሳይረግጡ። ካልተነፈሰ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ ፈጠን አድርጎ መጫን፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939 ነው። ግድግዳው ላይ ጻፊው። ሶኬት ቢቀጣጠል ውሃ አይደፋበት። በጣም የነዘረው ሰው ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው፤ ልብ ቆይታ ነው አንዳንዴ የምታስቸግረው።

ባለሙያው ኧርዙን ሲለካ ያነበበውን ቁጥር በወረቀት አስፍሪና ላኪልኝ። ከ10 ኦም በታች ከሆነ ደስ ይለኛል። በላይ ከሆነ ደግሞ ለማኅበራችሁ ምን ብለሽ እንደምትጽፊ አብረን እናያለን። ልጅሽም ያወጣትን ጎማ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፤ ቀለበቷን ማየት እፈልጋለሁ።